«ይሄ ነው?»፦ ኮራል ስንሸጥ ፎቶው የሚያጣላን ለምንድን ነው? መፍትሄውስ?

ኮራል በጨው ውኃ አኳሪየም ውስጥ የምናሳድገው የባሕር እንስሳ ነው፣ ቁራጩ ራሱን ችሎ ያድጋል። ከነዚህ አንዱን፣ ባለ ሁለት ራስ ቶርች ኮራል፣ ቆርጬ ለአንድ የአኳሪየም ወዳጅ ሸጥኩለት። በማግስቱ ፎቶ ላከልኝ። ከሥሩ ሁለት ቃል ብቻ ጽፏል፦ «ይሄ ነው?» እሱ ገንዳ ውስጥ ያለው ኮራል ቡናማ ነው። ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ አለው። እኔ የላኩለት ፎቶ ደግሞ እንደ ኒዮን ያበራል። ፎቶውን አልነካካሁትም። ስልኬን አወጣሁ፣ ጠቅ አደረግኩ፣ ላኩ። በቃ።

ለካ ችግሩ እሱ ነበር። እርስ በርስ ስንሸጥ «አታለለኝ» የሚያስብሉ ፎቶዎች አብዛኞቹ ሆን ተብሎ የተሠሩ አይመስሉኝም። መብራቱ ይዋሻል፣ ስልኩ ይጨምርበታል፣ ሻጩ አይቶ ዝም ይላል። ለገዥው ግን ያው ነው። ገንዘቡ ወጥቷል፣ እጁ የገባው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ከቅሬታው ተነስተን ወደ ምክንያቱ እንሂድ።

«ቀለሙ ሌላ ነው»

ትልቁ ቅሬታ ይሄ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ምክንያቱ ኮራሉ ውስጥ ነው ያለው። ብዙ ኮራሎች አካላቸው ውስጥ የሚያበሩ ፕሮቲኖች አሏቸው። እነዚህ ፕሮቲኖች ሰማያዊውን ብርሃን ተቀብለው አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ አድርገው ይመልሱታል። ዝነኛው አረንጓዴ ፕሮቲን መጀመሪያ የተገኘው ከጄሊፊሽ ነው። ሳይንቲስቱ ኦሳሙ ሺሞሙራ በ1962 እ.ኤ.አ. ለይቶ አወጣው፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመበት። ኮራሎች ያሏቸው የዚያው ቤተሰብ ናቸው።

የገንዳ መብራቶቻችን ደግሞ ሰማያዊ ያበዛሉ፣ በተለይ የሞገድ ርዝመቱ ከ420 እስከ 460 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን። ማታ ነጩ ጠፍቶ ሰማያዊው ብቻ ሲቀር ኮራሉ ተቀጣጠለ ማለት ነው። ነጩ ሲበራ ፍካቱ አይጠፋም፣ ግን በነጩ ብርሃን ይዋጣል። ያኔ ጎልቶ የሚታየው ኮራሉ አካል ውስጥ የሚኖረው አልጌ ነው። የአልጌው ቀለም ቡናማ ነው።

የቶርቹን ገዥ «ነጩን አጥፍተህ በሰማያዊው ብቻ አንሳው እስቲ» አልኩት። አነሳው። ቁርጥ የኔን ፎቶ መሰለ። «አየህ!» ብዬ ልኩራ ስል መለሰልኝ፦ «እኔ እኮ ማታ ማታ ብቻ ላየው አልገዛሁትም።» ምን ይባላል? ልክ ነው።

መፍትሄው ሁለት ፎቶ ነው። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቦታ፣ የአንዱ ኮራል። አንደኛው ነጩም ሰማያዊውም በርቶ፣ ሁለተኛው ሰማያዊው ብቻ በርቶ። ከሥሩ መብራቱን ጻፉ፦ ነጩ ስንት በመቶ፣ ሰማያዊው ስንት በመቶ። የመብራቱን ዓይነትም ጨምሩ።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ አለው። እኔ የነጩን ፎቶ መጀመሪያ አደርጋለሁ። ብዙ ሻጮች በዚህ አይስማሙም፣ «ማን ያየዋል ታዲያ?» ይላሉ። እኔ ግን ገዥው የመጀመሪያውን ፎቶ ነው በልቡ ይዞ የሚሄደው ባይ ነኝ። በነጭ መብራት አይቶ ከወደደው፣ ማታ ሲያበራለት ምርቃት ይሆንለታል።

«ፎቶው በሙሉ ሰማያዊ ሆነብኝ»

ይሄ የሻጩ ቅሬታ ነው። ዓይኑ አረንጓዴና ሮዝ እያየ ስልኩ ሰማያዊ ጭጋግ ያነሳለታል።

ዓይናችን መብራቱን ይለምዳል። ገንዳው ፊት ትንሽ ከቆየን አንጎላችን ሰማያዊውን ይቀንስልናል። ስልክ እንደዚህ አይችልም። አውቶማቲክ ዋይት ባላንሱ (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን የሚያስተካክለው) የተሠራው ለፀሐይና ለቤት አምፖል ነው። የኛ መብራት 14,000 ወይም 20,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲበዛ ብርሃኑ ይሰማየዋል) ሲሆን ስልኩ ግራ ይገባዋል። በዚያ ላይ ሰማያዊው ከመጠን በላይ ስለሚበዛ ካሜራው ሞልቶ ይፈሳል። ሞልቶ የፈሰሰ ቀለም ደግሞ በኋላ በማስተካከያ አይመለስም።

መጀመሪያ ብርሃኑን ቀንሱ። ስክሪኑን ነክታችሁ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) ወደ ታች ጎትቱት፣ ኮራሉ ትንሽ እስኪጨልም። ከዚያ በፕሮ ሞድ (ካሜራውን በእጅ በሚያዙበት ክፍል) ዋይት ባላንሱን በእጅ አስተካክሉ። የኬልቪኑን ቁጥር ከፍ ስታደርጉት ሰማያዊው ይቀንሳል፣ ፎቶው ይሞቃል። ብዙ ስልክ 10,000 ላይ ያቆማል፣ ለኛ አይበቃም። ስልኩ በሮው (ባልተቀነባበረ ጥሬ ፋይል) ማንሳት ከቻለ በሮው አንሱ፣ በኋላ ከዚያ በላይ መሄድ ይቻላል። ካልሆነ ሌንሱ ላይ የሚገጠም ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ፊልተር አለ። ርካሽ ነገር ነው፣ ይሠራል።

ግን ፊልተሩ ራሱ ሌላ ወጥመድ ነው። በጣም የጠቆረ ብርቱካናማ ሰማያዊውን ጨርሶ ይቆርጠዋል። የሚቀረው ኮራሉ ራሱ የሚያመነጨው ፍካት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ተራ አረንጓዴ ኮራል ጥቁር መደብ ላይ እንደ እሳት ሆኖ ይወጣል፣ በዓይን ማንም አይቶት የማያውቀው ቀለም ማለት ነው። ሳሳ ያለውን ፊልተር ምረጡ።

ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን? የማያበሩትን ነገሮች እዩ። አሸዋው፣ ፓምፑ፣ ኮራሉ የተለጠፈበት ነጭ ፕለግ፣ የሚያልፈው ዓሣ። እነዚህ በዓይን የሚታዩትን ከመሰሉ ኮራሉም ብዙ አይርቅም። አሸዋው ጠቁሮ ኮራሉ ብቻ ከነደደ ግን ፎቶው ሄዷል።

አንድ ነገር አደራ። ፎቶውን ገንዳው ፊት ቆማችሁ አስተካክሉት። አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ኮራሉን እያያችሁ። ማታ አልጋ ላይ ተጋድሞ በትዝታ የሚስተካከል ፎቶ ሁልጊዜ ከኮራሉ ያምራል። ትዝታ ቀለም ይጨምራል፣ እኔ ራሴ ደጋግሜ ተይዤበታለሁ።

«ሳልነካካው እንዴት ተነካካ?»

አዲስ ስልኮች ሳንጠይቃቸው ያስውባሉ። ደማቅ ነገር ሲያዩ ቀለም ይጨምራሉ፣ ጥላውን ያበራሉ፣ ጠርዙን ያጎላሉ። ስለዚህ የስልኩን የቀለም ፊልተር፣ የናይት ሞዱንና «ቪቪድ» የሚባለውን ሁሉ አጥፉ። ያ ሁሉ ጠፍቶም ትንሽ ይጨምራል፣ ስለዚህ ከኮራሉ ጋር አስተያዩት።

በእጅ ስለማስተካከልም የኔን ልናገር። ሰማያዊውን ማረም፣ ብርሃኑን ማስተካከል፣ ዳርና ዳሩን መቁረጥ ችግር የለውም። ዓይን ያየውን መመለስ ነው። ሳቹሬሽን (የቀለሙን ድምቀት) መጨመር ግን ይቅር። «ትንሽ ብቻ» የሚባል ሳቹሬሽን የለም፣ አንዱ ሻጭ አምስት ሲጨምር ሌላው አሥር ካልጨመረ አይታይም። አንዱን ቀለም ብቻ ነጥሎ ወደ ሌላ መቀየር፣ ለምሳሌ ቢጫውን ብርቱካናማ ማድረግ፣ ስሙ ማስተካከል አይደለም፣ ማጭበርበር ነው።

ስክሪንም አለበት። ስልኩ ለዓይን ዕረፍት ተብሎ ወደ ቢጫ ሲለወጥ የኮራሉ ቀለምም አብሮ ይለወጣል። እሱን አጥፍታችሁ እዩት፣ ገዥውም እንዲያጠፋው ንገሩት።

«ይህችን ታህል ናት እንዴ?»

ቀለም ዋሸ ሲባል ቢያንስ የሚከራከር አለ። መጠን ላይ ግን መከራከሪያ የለም። በማክሮ (በጣም ተጠግቶ በሚያነሳው) የተነሳች የጥፍር ያህል ቁራጭ ስክሪኑን ትሞላና ጎመን ትመስላለች።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ማነጻጸሪያ አለመኖሩ ነው። ማስመሪያ አስገቡ። የት እንደምታስገቡትም ተጠንቀቁ። ማስመሪያው ከኮራሉ ኋላ ከሆነ ኮራሉ ትልቅ ይመስላል። መስታወቱ ላይ ከውጭ ከተለጠፈ ደግሞ ትንሽ ይመስላል። ውኃ ውስጥ፣ ከኮራሉ እኩል፣ ጎን ለጎን ይሁን። ውኃው ራሱም ያታልላል። በመስታወት ፊት ለፊት ስናየው ነገሩን ከእውነተኛ ርቀቱ ሩብ ያህል ያቀርበዋል። ለዚህ ነው «በዓይን ግምት አምስት ሳንቲሜትር» የሚባለው አራት ሆኖ የሚገኘው።

ሁለተኛው ምክንያት ማበጥ ነው። ቶርችና መሰሎቹ ቀን ሲዘረጉ ከአጥንታቸው ብዙ እጥፍ ይሆናሉ። ፎቶው ውሸት የለውም፣ ግን ገዥው ጋ በመንገድ ደክሞ ተሰብስቦ ሲደርስ ያቺን ቁንጥር አጥንት ነው የሚያየው። ስለዚህ የተዘረጋበትንም የተሰበሰበበትንም አንሱ። ስትለኩ አጥንቱን ለኩ። እንደ ትናንሽ አበቦች ተሰብስቦ የሚያድገው ዞአንተስ ከሆነ ፖሊፖቹን (እያንዳንዷን አበባ መሳይ) ቁጠሩና ቁጥሩን ጻፉ። ገና የሚያቆጠቁጡትን ሕፃናት ፖሊፖች እንደ ሙሉ አትቁጠሩ፣ ይህን ሁላችንም እንሞክራለን።

«ይሄ ሌላ ኮራል ነው»

የእናትየዋን ፎቶ ለጥፎ የልጅቱን ቁራጭ መሸጥ የተለመደ ነው። ብዙዎች ክፋት የለውም ይላሉ፣ «ያው ዘሯ ነው» እያሉ። ዘሯ ነው፣ ግን አይደለችም። ጥላ ውስጥ የቆየችው ቁራጭ ላይኛው ብርሃን ላይ ካለችው እናቷ በቀለም ልትለይ ትችላለች። ትናንት የተቆረጠችውና ፕለጉ ላይ ሥር ሰድዳ የተዘረጋችው ደግሞ በመትረፍ ዕድላቸው እኩል አይደሉም።

የምትሸጡትን ራሱን አንሱ። የእናቱን ማሳየት ከፈለጋችሁ «ይቺ እናቷ ናት» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። የተቆረጠበትን ቀን ንገሩ። ወረቀት ላይ የዛሬን ቀን ጽፎ መስታወቱ ላይ ለጥፎ ማንሳት ደግሞ ጥርጣሬውን ሁሉ ይዘጋዋል።

«ተባይ ይዞብኝ መጣ»

የሚያምረው ፎቶ ፊት ለፊት ነው፣ ተባዩ ግን ከጀርባ ነው። ሞንቲፖራ የሚባለውን ኮራል የሚበላው ነጭ ኑዲብራንክ (ቅርፊት የሌለው የባሕር ቀንድ አውጣ) ከታች በኩል ይደበቃል። አክሮፖራ የሚባለውን ኮራል የሚበላው ጠፍጣፋ ትል ደግሞ የኮራሉን ቀለም ስለሚመስል ፎቶ ላይ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። የሚታየው የነከሰበት ፈዛዛ ነጠብጣብና ከሥር የጣለው ቡናማ የእንቁላል ክምር ነው። አይፕታዚያ የሚባለው አስቸጋሪ አኔሞኒማ ፕለጉ ጎን ላይ ተለጥፎ ይታያል፣ ካነሳነው።

ስለዚህ አገላብጣችሁ ሥሩንና የፕለጉን ዙሪያ አንሱ። ቅርንጫፉ ላይ ሥጋ የለቀቀ ቦታ ካለ እሱንም። ፎቶ የማያሳየውን ደግሞ በቃል ተናገሩ፦ ከዚህ በፊት ገንዳዬ ውስጥ ይህ ተባይ ነበረ፣ በመድኃኒት ነክሬዋለሁ ወይም አልነከርኩም።

ለፎቶ ብላችሁ ስታወጡት ሁለት ጥንቃቄ አለ። ያበጠ ኮራል መጀመሪያ ይሰብሰብ፣ ካለበለዚያ ሥጋው በአጥንቱ ይቀደዳል። ዞአንተስና ዘመዱ ፓሊቶዋ ሲሆን ደግሞ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል አደገኛ መርዝ አላቸው፣ ለአንድ ፎቶ ተብሎ የሚሞከር አይደለም።

«ደብዝዟል፣ ተጣሟል፣ መስመር መስመር ሠርቷል»

እነዚህ ቀላል ናቸው። መስታወቱን ከውስጥም ከውጭም ጥረጉ። ፓምፑን ለጥቂት ደቂቃ አጥፉ፣ ሲጨርሱ ማብራት ግን አይረሳ። ስልኩን ከመስታወቱ ጋር ትይዩ አድርጉ፣ ሲያጋድል ኮራሉ ይለጠጣል። ከላይ ለማንሳት ውኃው ላይ የምትንሳፈፍ ታችዋ ብርጭቆ የሆነች ሣጥን ትበቃለች። ጥቁር መስመሮቹ የሚመጡት ኤልኢዲው በፍጥነት ብልጭ ድርግም ስለሚል ነው። የካሜራውን ሻተር (የማንሻ ፍጥነት) ወደ 1/60 ሰከንድ ወይም ከዚያ ወደ ቀርፋፋው አውርዱት።

ገዥ ሆናችሁ ስትጠራጠሩ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ሳትፈሩ ጠይቁ። ነጩ መብራት በርቶ፣ ካሜራው ከገንዳው ሙሉ ገጽታ ተነስቶ ወደ ኮራሉ የሚጠጋ አጭር ቪዲዮ ይላክላችሁ። ቪዲዮው ላይ ኮራሉን ከማየታችሁ በፊት አሸዋውንና ዓሣውን እዩ። ሻጩ «አሁን መብራት ጠፍቷል» ካለ ነገ ይበራል፣ ጠብቁ። ሦስት ቀን ሙሉ ጠፍቶ ከቀረ ግን ተዉት።

ኮራሉ ሲደርስ ከረጢቱን ከመክፈታችሁ በፊት አንሱት። ከዚያ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ሲዘረጋ፣ ሻጩ በጻፈው የመብራት ልክ፣ እንደገና አንሱት። ያን ጊዜ ከመሰለ ሻጩ እውነቱን ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቡናማ ቢሆን ብርሃኑ አንሶት ወይም ውኃው ውስጥ ናይትሬትና ፎስፌት በዝቶ ይሆናል፣ ቢነጣ ደግሞ ብርሃኑ በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ያ የፎቶ ጉዳይ አይደለም። ሻጩን «ከመብራቱ ምን ያህል ርቆ ነበር የተቀመጠው?» ብላችሁ ጠይቁትና ወደዚያው ልክ አዛውሩት።