«እሰማለሁ፣ አልናገርም» ለምትሉ፦ ጆሮ የሚያውቀውን ቃል ወደ አፍ እንዴት ማምጣት ይቻላል

ጅማ ያደገ አማርኛ ተናጋሪ «ኦሮምኛ ትችላለህ?» ሲባል የሚመልሳት አንዲት መልስ አለች። «እሰማለሁ፣ አልናገርም።» እኔም ሠላሳ ዓመት እስኪጠጋኝ ይህችን ስል ኖሬያለሁ።

የምሠራው እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ በሚባለው ሰፈር አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ሰው በእጁ ጽፎ ያመጣውን የኦሮምኛ ማመልከቻ በቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ እተይባለሁ። እጄ ፈጣን ነው፤ የምተይበውም ይገባኛል። አንድ ቀን አንድ አባት ወረቀት ሳይዙ መጡና «አንተው ጻፍልኝ» አሉኝ። ጉዳያቸውን ከጀመሩት እስከጨረሱት ሰማሁ፤ አንድም ያመለጠኝ ነገር የለም። ጣቴን ኪቦርዱ ላይ አስቀመጥኩ። «ዺሚ» ብዬ ጻፍኩ፤ «ጉዳዩ» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወፍ የለም። ስንት መቶ ማመልከቻ የተየብኩ ሰው ሁለተኛዋን መስመር አጣሁ።

ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። ካናዳ ውስጥ ቤታቸው እንግሊዝኛ እየተናገሩ ትምህርቱን በፈረንሳይኛ የሚማሩ ልጆች አሉ። ሜሪል ስዌን የተባሉ የቋንቋ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ስለነሱ ጽፈው ነበር። ልጆቹ ለዓመታት ፈረንሳይኛ ሰምተዋል፣ መረዳታቸውም ጥሩ ነው፤ ንግግራቸውና ጽሑፋቸው ግን ወደኋላ ቀርቷል። መስማት ብቻውን አይበቃም፣ ተማሪው ራሱ እንዲያወጣ መገፋት አለበት ነው የተመራማሪዋ ሐሳብ። እኔን የገፉኝ እኒያ አባት ናቸው።

ምሳሌዎቼ ከኦሮምኛ ናቸው። ችግራችሁ እንግሊዝኛ ከሆነም መንገዱ ያው ነው።

መጀመሪያ፦ የሸሻችሁበትን ቃል መዝግቡ

መዝገበ ቃላት አትክፈቱ። የሚያስፈልጋችሁ ቃል ጆሮአችሁ ውስጥ አለ። ለሦስት ቀን የኪስ ደብተር ያዙና ቃል አጥታችሁ ወደ አማርኛ በሸሻችሁ ቁጥር ልትሉት የፈለጋችሁትን በአማርኛ ጻፉት። «ቀንሱልኝ»፣ «ነገ ተመለሱ»፣ «ማኅተም ይቀረዋል»። ሃያ ሲሞላ አቁሙ። ሃምሳ የሚጽፍ ሰው አምስት አይናገርም። ደብተር ያልኩትም በምክንያት ነው። ሰው ፊት ቆሞ እያናገራችሁ ስልክ መነካካት ነውር ነው፤ ደግሞም ስልክ ከተከፈተ በኋላ የት እንደምትደርሱ እናንተም ታውቃላችሁ።

ቀጥሎ፦ ከአማርኛው ተነሱ

አማርኛውን እያያችሁ ኦሮምኛውን ጮክ ብላችሁ አውጡ። በተቃራኒው አይሠራም። እኔ መጀመሪያ ስልኬ ላይ የቃላት ካርድ አፕ ጭኜ ነበር። ቃሉን ያሳያችኋል፣ ከአራት ትርጉም አንዱን ትመርጣላችሁ፣ አረንጓዴ ምልክት ይበራል። ደስ ይላል። ሁሌም እመልሰው ነበር፤ ሳየው ማወቅማ ድሮም አላቃተኝ። ሦስት ወር ሙሉ የማውቀውን ሳውቅ ከረምኩ።

ሦስተኛ፦ ቃሉን ገልብጡት

ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚወድቀው እዚህ ነው። እኔም እዚሁ ነው የወደቅኩት።

ወደ እኒያ አባት ልመልሳችሁ። መጻፉ ሲያቅተኝ ቢያንስ ወንበር ላቅርብላቸው ብዬ «ታኢ» አልኳቸው። ልጅ ሆኜ ጎረቤት ስገባ ሺህ ጊዜ የሰማሁት ቃል ነው። ችግሩ «ታኢ» ማለት «ተቀመጥ» ነው። ለትልቅ ሰው የሚባለው «ታኣ» ነው። ቀና ብለው አዩኝና ቆመው ቀሩ። በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው «ተቀመጥ» ብዬ አዘዝኩ ማለት ነው።

ማታ ሳስበው ነገሩ ተገለጠልኝ። ጆሮዬ ያጠራቀመው ሰው ለእኔ ሲል የነበረውን እንጂ እኔ ለሰው የምለውን አይደለም። ሕፃን ሆኜ የሰማሁት በሙሉ ለሕፃን የተባለ ነው። ኮቱ፣ ዴሚ፣ ታኢ። ና፣ ሂድ፣ ተቀመጥ። ከዚህ ተነስቶ አፍ ራሱን ችሎ «መጣሁ» አይልም። በአማርኛ አስቡት። «ና» ሲባል ብቻ የኖረ የውጭ አገር ሰው «ና»ን አገላብጦ «መጣሁ»ን ሊያገኝ ይችላል? በመልክም አይመሳሰሉም። ኦሮምኛውም እንዲሁ ነው፤ «ኮቱ» ና ነው፣ «ዹፌ» መጣሁ ነው።

ስለዚህ ከሃያው ዝርዝር ውስጥ ግሱን ሁሉ በአራት መልክ ገልብጡት። አንዱ እኔ ስል፣ ሁለተኛው እኛ ስንል፣ ሦስተኛው ለትልቅ ሰው ስል፣ አራተኛው «አልገዛሁም» እንደሚባለው በአሉታ ስል። አራት ይበቃል። ትምህርት ቤት እንዳለው ሰንጠረዥ ሁሉንም ልሙላ ካላችሁ ትሰለቹና ትተዉታላችሁ።

«እኛ»ን በተለይ አትዝለሉ። መግዛትን እንያዝ። ገዛሁ «ቢቴ» ነው። እኛ ገዛን ለማለት እኔ በራሴ ሒሳብ «ቢትኔ» እል ነበር፤ ዹፌ ወደ ዹፍኔ ይሄድ የለ? ትክክሉ ግን «ቢኔ» ነው፣ «ኔ»ን ጠበቅ አድርጎ። «ት»ው «ን» ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ይህን «ቢኔ» ዕድሜዬን ሙሉ ገበያ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፣ ሁሌም ገብቶኛል፣ ግን «ት»ው የት እንደገባ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ጆሮ ትርጉሙን ከያዘ ስለ ቀሪው ግድ የለውም።   

የገለበጣችሁትን አንድ ኦሮምኛ ተናጋሪ ያርምላችሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሳይታረም የለመደ ስሕተት ግን በኋላ ሲነቀል ያማል።

አራተኛ፦ ሰው ወደ አማርኛ እንዳይመልሳችሁ ተዋዋሉ

የጅማ ሰው ደግ ነው፤ ለተማሪ የሚያስቸግረውም ይኸው ደግነቱ ነው። ትንሽ ስትንተባተቡ አዝኖላችሁ ወዲያው ወደ አማርኛ ይዞራል። ባጃጅ ላይ ሞከርኩ። ሹፌሩ ቸኩሏል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ሁለት ቃል ሳልል አማርኛ ሆነ። እዚሁ ጅማ መርካቶ ማር ስገዛ ሞከርኩ። ያው።

ያዋጣኝ ውል ነው። ከሱቃችን ጎን ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። የመጀመሪያዋ ስኒ እስክታልቅ አማርኛ የለም ተባባልን። ከተሳሳትኩ ትስቃለች፣ ታርማለች፣ አማርኛ ግን አትናገርም። ቃል ሲጠፋኝ እዞረዋለሁ። ማንኪያ የሚለው ቢጠፋኝ «ያ ስኳር የሚማሰልበት» እላለሁ። ቃሉን እሷ ታቀብለኛለች፣ እኔ በዓረፍተ ነገር አስገብቼ እመልሳለሁ። ስኒዋ ትንሽ መሆኗ ራሱ ጠቀመኝ፤ ሰዓት ሙሉ ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ቀን እቀር ነበር።

ትንሽ ስትደፍሩ አንድ ተጨማሪ ልምምድ አለ። ኪት ሞሪስ የተባለ የእንግሊዝኛ መምህር እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀው ነው። አንዱን ወሬ ለአንድ ሰው በ4 ደቂቃ፣ ለሌላ ሰው በ3፣ ለሦስተኛ ሰው በ2 ደቂቃ ትናገራላችሁ። ወሬው ያው ስለሆነ አእምሮ ሐሳብ ፍለጋ አይደክምም፤ ቃሉ ብቻ ይፈጥናል። እኔ ሰዓት አልያዝኩም። «ዛሬ ሱቅ ምን ገጠመኝ» የሚለውን ለቡናዋ ልጅ፣ ለጥበቃውና ለአከራዬ በየተራ እያወራሁ ነው የተለማመድኩት። አከራዬ ጋ ስደርስ ወሬው እንደ ውሃ ይወርዳል።

አምስተኛ፦ ማታ ሦስት መስመር ጻፉ

ቀን የተናገራችሁትን በሦስት መስመር። ከዚያ አታስበልጡ። በግዕዝ ፊደል ሳይሆን በቁቤ ጻፉት። የእኛ ፊደል መጥበቅና መላላቱን አያሳይም። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉን ይሁን ያልደረሰ ነገርን አንባቢው ከወሬው ይለየዋል፤ ለምደነዋል። ቁቤ ላይ ግን የሚጠብቀው ድምፅ ሆሄው ተደግሞ ይጻፋል፣ አለዚያ ሌላ ቃል ይሆናል። ለእህቴ ባል የላክሁት የመልካም በዓል መልእክት ላይ «አማቼ» ልለው ፈልጌ አንድ ሆሄ ጎደለችብኝ። «ሶዳ»፣ «ዳ» ሲጠብቅ አማች ነው፣ ሲላላ ፍርሃት ነው። «ምን አድርጌህ ነው የምትፈራኝ?» ብሎ መለሰልኝ።

ማመልከቻና ደብዳቤ ላይ ከአፍ የማይገኙ ቃላት አሉ። «ነጋ ወጂን»፣ «ከሰላምታ ጋር» እንደምንለው፣ ቡና ላይ አይባልም። እነሱን ከተጻፈ ደብዳቤ ላይ እንዳሉ ውሰዱ፤ አትፈላሰፉ።

ሳታስቡት ሦስት ጊዜ ከአፋችሁ የወጣን ቃል ከዝርዝሩ ሰርዙና በሌላ ተኩት። ሁሉም ቃል አፍ ላይ ይውጣ ማለቴም አይደለም። ሽማግሌዎች ሲመርቁ የሚሉትን እኔ ዛሬም ሰምቼ «አሜን» ከማለት አልዘለልኩም፤ ለጊዜው ይበቃኛል።

እኒያ አባት ከወራት በኋላ ተመልሰው መጡ። ከበር ሳያቸው ተነሳሁ፣ ወንበሩን ሳብኩ፣ «ታኣ» አልኳቸው። ሰዓታቸውን አዩና በአማርኛ መለሱልኝ። «ቸኩያለሁ ልጄ፣ ሁለት ኮፒ ብቻ አንሳልኝ።»