ስለ ጾታ ሽግግር ለባለቤትዎ ሲናገሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ይህ ጽሑፍ ትዳር ውስጥ ሆነው፣ ምናልባትም ልጅ ወልደው፣ ሲወለዱ የተሰጣቸው ጾታ የእነሱ እንዳልሆነ ለዓመታት ብቻቸውን ሲያብሰለስሉ ለኖሩ ሰዎች ነው። አሁን አንድ እርምጃ ለመራመድ ያስባሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ባለትዳር ሰው ብቻውን የሚራመደው እርምጃ የለም። ሰፈር አለ፣ ዕድር አለ፣ አማት አለ። ከሁሉም በፊት ባለቤት አለ። እርስዎ ለዓመታት ያሰቡበትን ነገር ባለቤትዎ በአንድ ምሽት ነው የሚሰሙት። ከታች ያሉት አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመጡት ይህን በመርሳት ነው።

እስኪደርሱበት መጠበቅ

"ትንሽ ይመቸኝና እነግራለሁ" ይባላል። የሚመች ቀን ግን አይመጣም። ባለቤት ደግሞ ዓይን አለው። የቴሌብር መልእክት፣ የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ፣ ሳይዘጋ የቀረ ቴሌግራም፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የተሸጎጠ ልብስ፣ አንዱ መውጣቱ አይቀርም። ባለቤትዎ ያን ሲያገኙ መጀመሪያ የሚያስቡት ስለ ጾታ አይደለም። "ሌላ ሰው ይዟል" ወይም "ይዛለች" ነው የሚሉት። ከዚያ በኋላ እውነቱን ቢናገሩ እንኳን ማምለጫ ይመስላል።

ቦታና ሰዓት አለመምረጥ

ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ ያለ ካፌ ለዚህ ወሬ አይሆንም። ወንበሩ የተጠጋጋ ነው፣ የጎረቤት ጠረጴዛ ጆሮም ሥራ ፈት ነው። ኮንዶሚኒየም ቤት ከሆነ ደግሞ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህኛው ግድግዳ "ይማርህ" የሚባልበት ነው። በሥራ ቀን ጠዋት ወዳጅነት ፓርክን የመሰለ ሰፊ ቦታ ይሻላል። እየተራመዱ ማውራት ይቻላል፣ ዓይን ለዓይን መተያየቱም ግዴታ አይሆንም።

የበዓል ዋዜማ ይለፍ። መጠጥ የተቀመሰበት ማታም ይለፍ። በጠብ መሃል የተነገረ ከሆነ ደግሞ ስድብ ሆኖ ነው የሚታወሰው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይቀድማል። ባለቤትዎ እጃቸውን የሚያነሱ ሰው ከሆኑ ወይም እንደዚያ ብለው ከፈሩ፣ ከመናገርዎ በፊት የሚያድሩበት ቤት፣ መታወቂያዎና ጥቂት ገንዘብ ይዘጋጅ። ሰው በሌለበት ቦታም አይናገሩ። ይህን ማዘጋጀት ባለቤትዎን መክዳት አይደለም።

አነጋገሩ አጭር ቢሆን ይመረጣል። አንዲት ሚስት ለባሏ እንዲህ ልትለው ትችላለች፦ "የደበቅኩህ ነገር አለ። ሌላ ሰው የለም፣ እሱን አትጠርጥር። ዛሬ መልስ አልጠይቅህም፣ ስማኝ ብቻ።" "ሌላ ሰው የለም" የሚለው መጀመሪያ ይምጣ። እሱ ካልተሰማ የቀረው አይሰማም።

በዚያው ማታ መልስ መፈለግ

"ታዲያ አብረን እንኖራለን ወይስ እንለያያለን?" ይሄ ጥያቄ የዚያን ዕለት አይጠየቅም። ባለቤትዎ ቢያለቅሱ፣ ቢቆጡ፣ ለቀናት ቢያኮርፉ የመጨረሻ መልሳቸው አይደለም። ለነገሩ ዝም ብለው ቢያቅፉዎትም የመጨረሻ መልሳቸው አይደለም። ብዙ ሰው ይቺን ይረሳና ከሳምንት በኋላ ቁጣው ሲመጣ "ተቀብለሽኝ አልነበረም እንዴ?" ይላል።

"ምንም አይለወጥም፣ ያው እኔው ነኝ" ማለትም አይበጅም። ለማጽናናት ይባላል እንጂ ብዙ ነገር ይለወጣል። ሰውነት ይለወጣል፣ መኝታም ሊለወጥ ይችላል። የማያውቁትን "ገና አላውቀውም" ይበሉ።

መድኃኒቱን ቀድሞ ጀምሮ በኋላ መናገር

ከሁሉም ስህተት የከፋው ይሄ ይመስለኛል። ሆርሞን፣ ማለትም ሰውነትን ወደሚፈለገው ጾታ የሚያቀርበው መድኃኒት፣ የሁለት ሰው ጉዳይ የሚሆንበት ምክንያት አለው።

የመጀመሪያው ልጅ ነው። ኤስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) የሚወስድ ሰው የዘር ፍሬው ምርት ይቀንሳል። መድኃኒቱ ቢቆምም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ቴስቶስተሮን (የወንድ ሆርሞን) የሚወስድ ሰው የወር አበባው አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል፣ ግን እርግዝና መከላከያ አይደለም። እየወሰዱ ማርገዝ ይቻላል፣ መድኃኒቱም ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ልጅ ሲያስቡ የነበሩ ባለቤት ይህን ከስድስት ወር በኋላ ሲሰሙ "ለምን አልጠየቅኸኝም?" ቢሉ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ወደ ኋላ አለመመለሱ ነው። ቴስቶስተሮን ድምፅን በወራት ውስጥ ያጎረንናል። የጎረነነ ድምፅ መድኃኒቱ ስለቆመ አይቀጥንም። በኤስትሮጅን የወጣ ጡትም በራሱ አይጠፋም። ዕድርተኛው ከባለቤትዎ ቀድሞ ድምፅዎን ካስተዋለ ነገሩ ተበላሸ ማለት ነው።

ሦስተኛው ጤና ነው። ሐኪም ማማከር ስለሚያስፈራ አንዳንዱ ከመድኃኒት ቤት የእርግዝና መከላከያ እንክብል እየገዛ ደርቦ ይውጣል። ይህ አደገኛ ነው። እንክብሉ ውስጥ ያለው የኤስትሮጅን ዓይነት በተለይ ሲበዛ ደም ሥር ውስጥ ደም ሊያረጋ ይችላል። የሚያጨስ ሰው ላይ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ለደም ግፊትና ለልብ የሚታዘዘውን ስፓይሮኖላክቶን የወንድ ሆርሞንን ለመግታት ብሎ የሚወስድም አለ። እሱ ደግሞ ደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከፍ ሊያደርግና ልብን ሊያውክ ስለሚችል ያለ ደም ምርመራ አይወሰድም። ቴስቶስተሮንም ደምን ያወፍራል።

አንድ እግር ብቻ ቢያብጥና ቢያም፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ቢያጥር፣ የረጋ ደም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ታክሲ የሚጠሩት ባለቤትዎ ናቸው። ሐኪሙ "ምን መድኃኒት ይወስዳል?" ብሎ ሲጠይቅ የሚመልሱትም እሳቸው ናቸው። ካላወቁ ምን ይመልሳሉ?

"ጠበል እንሂድ" ሲሉ መሳለቅ

ባለቤትዎ እንጦጦ ማርያም ወይም ሽንቁሩ ሚካኤል ሊሉ ይችላሉ። ወይም "አማኑኤል ሆስፒታል እንታይ" ይላሉ። ብዙ ጊዜ የፍቅር ሐሳብ ነው፣ መፍትሔ ሲጠፋ የሚያውቁትን በር ማንኳኳት ነው። አማኝ ከሆኑ አብረው መጸለይ ይችላሉ። "ይህ ግን በጠበል የሚለቅ በሽታ አይመስለኝም" ማለትም ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መመደቢያ ይህንን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል። ይህን ግን በመጀመሪያው ቀን ለክርክር አይጠቀሙበት።

ሽማግሌ መጥራት ሌላ ጉዳይ ነው። ገንዘብ ላይ ወይም አማት ላይ ለተጣላ ባልና ሚስት ሽማግሌ ጥሩ ነው። እዚህ ግን ሦስት ሽማግሌ ሰማ ማለት ሰፈሩ ሰማ ማለት ነው። ሁለታችሁም ሳትስማሙ ማንም እንዳይጠራ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ምስጢሩን ባለቤትዎ ላይ ብቻ መቆለፍ

ምስጢሩ ለምን ከባድ እንደሆነ ሁለታችሁም ማወቅ አለባችሁ። የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን ወንጀል ያደርጋል። ሕጉ ትራንስ ሰውን፣ ማለትም ሲወለድ የተሰጠው ጾታ የእሱ እንዳልሆነ የሚያውቅን ሰው፣ በስም አይጠቅስም፣ ሰፈር ግን ልዩነቱን አይለይም። በነሐሴ 2015 የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መዝናኛ ቤቶች ላይ በጥቆማ እርምጃ እንደሚወስድ ማስታወቁ ይታወሳል። መታወቂያ ላይ ጾታን ለማስቀየር የተዘረጋ የሕግ መንገድም የለም። ስለዚህ ፎቶ መላክና በቴሌግራም ቡድን ስለ ትዳር ማውራት ባለቤትዎንም ያጋልጣል።

ያም ሆኖ "ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ" ብሎ ሰውን ብቻውን መተው ግፍ ነው። እርስዎ ምናልባት የሚያወሩት ሰው አግኝተው ይሆናል፣ እሳቸው የላቸውም። አንድ ሰው ይምረጡ፣ እርስዎም ይስማሙበት። ምስጢር ጠባቂነታቸው የታወቀ እህት፣ የነፍስ አባት ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ሊሆኑ ይችላሉ።

ልጆች ፊት አዲሱን አጠራር መጠየቅ

አማርኛ በየግሱ ጾታ ይቆጥራል፣ "ና" ወይም "ነይ" ሳይሉ ልጅ ፊት ቡና ማቀበል እንኳን አይቻልም። ባለቤትዎ ለዓመታት የለመዱትን በሳምንት እንዲቀይሩ አይጠብቁ። መኝታ ቤት ውስጥ ብቻ ይሞከር። ውጭ "ውዴ" ይበቃል። "እርስዎ" እየተባባሉ መቀለድም ይቻላል፣ አንዳንድ የድሮ ባልና ሚስት እንዲያ ይባባሉ ነበር።

ፍቺን እንደ ማስፈራሪያ መጠቀም፣ ወይም ጨርሶ አለማንሳት

ባለቤትዎ መሄድ ከፈለጉ መብታቸው ነው። በ1992 ዓ.ም የወጣው የቤተሰብ ሕግ በስምምነት መፋታትን ይፈቅዳል፣ ምክንያቱን ለፍርድ ቤት ለመግለጽም አያስገድድም። ይህ ለሁለታችሁም ትልቅ ከለላ ነው፣ መዝገቡ ላይ ምስጢር አይሰፍርም። ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። በትዳር ውስጥ የተፈራው ሀብት የጋራ ነው፣ በመርህ ደረጃም እኩል ይካፈላል። ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩና የትምህርት ቤት ክፍያውን ማን እንደሚሸፍን ግን ገና ሳይጣሉ በወረቀት ላይ ተነጋግረው ይጨርሱት።