ፓች ስትፈትኑ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

«ፓቹን ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል።» እሺ። ፓቹን፣ ማለትም የተላከልህን የኮድ ማስተካከያ፣ ከመጫንህ በፊትስ ባጉን (የኮዱን ስህተት) በዓይንህ አይተኸዋል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰባስበን ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም) ላይ እንሠራለን። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ግን ፓቹን ይጭናሉ፣ ቴስቱን (ኮዱን የሚፈትነውን ኮድ) ያስኬዳሉ፣ አረንጓዴ ሲያዩ «አለፈ» ብለው ይጽፋሉ። ምኑ ነው ያለፈው? ባጉ እናንተ ማሽን ላይ መጀመሪያውኑ ካልነበረ፣ ባዶ ፓች ብትጭኑም ያልፋል! መጀመሪያ ንጹሑን ኮድ አስኪዱና ሲበላሽ እዩት። ከዚያ ፓቹን ጫኑ፤ ባጉ መጥፋቱን እዩ። ከዚያ ደግሞ ፓቹን አንሱትና ባጉ ተመልሶ መምጣቱን አረጋግጡ። ይቺን የመጨረሻዋን ሁሉም ይዘላታል። ፓቹ አዲስ ቴስት ይዞ ከመጣ ቴስቱን ብቻ ነጥላችሁ አሮጌው ኮድ ላይ አስኪዱት። መውደቅ አለበት። ካልወደቀ ጌጥ ነው፤ ሜንቴነሩ (የፕሮጀክቱ ኃላፊ) አይቀበለው።

ሌላው አሮጌውን ፕሮግራም እያስኬዱ አዲሱን የፈተኑ መምሰል ነው። አንዲት ልጅ «ፓቹ ባጉን አልፈታውም» ብላ ጻፈች። ፓቹን የላከው ሰው «እኔ ጋ ይሠራል» አለ። ተመላለሱ፤ ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ሄደ። ለካ የምትሠራበት አሮጌ ዴስክቶፕ የማዘርቦርድ ባትሪው ሞቷል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚያስቀይረው መሣሪያ፣ ሜክ፣ ደግሞ የቱን ፋይል እንደገና ኮምፓይል እንደሚያደርግ የሚወስነው የፋይሎቹን ሰዓት አወዳድሮ ነው። ፓቹ የነካው ፋይል ድሮ የተጻፈ መሰለውና ዘለለው። ሰዓቱ ችግር እንዳለበት ተርሚናሉ ላይ ጽፎ ነበር። ማን አንብቦ! ከተጠራጠራችሁ ሁሉን አጽድታችሁ ከዜሮ ቢልድ አድርጉ። ወይም ኮዱ ውስጥ አንድ እንግዳ ቃል የሚያሳትም መስመር ጨምሩ። ቃሉ ስክሪን ላይ ካልወጣ የምታስኬዱት ሌላ ፕሮግራም ነው።

ያልኮሚታችሁት (የኮድ ለውጥ በሚመዘግበው ጊት ውስጥ ገና ያላስገባችሁት) የራሳችሁ ለውጥ ላይ የሰው ፓች አትደርቡ። ያንኑ ፕሮጀክት በሌላ ፎልደር ለብቻው የሚከፍተው ጊት ወርክትሪ ለዚሁ ነው የተሠራው።

የማታውቁትን ሰው ኮድ የይለፍ ቁልፎቻችሁ ባሉበት ላፕቶፕ ላይ በቀጥታ አታስኪዱ። ኮዱን ከቀረው ማሽን የሚለይ ኮንቴይነር ወይም ቨርቹዋል ማሽን ተጠቀሙ።

ዳታ ለመቆጠብ የመጨረሻውን ኮሚት ብቻ የምታወርዱ፣ ይገባኛል። ግን ታሪኩ ከሌለ ባጉን ያመጣውን ኮሚት የሚፈልገው ጊት ቢሴክት ምን ላይ ይሥራ? ቢሴክት ኮሚቶቹን ለሁለት እየከፈለ ነው የሚፈልገው፤ ከ1000 ኮሚት ውስጥ ያበላሸውን በ10 ሙከራ ገደማ ያወጣዋል። ፈጣን ኔት ያለበት ቦታ ስትሄዱ ሙሉውን አውርዱ።

«አንዴ ወደቀ፣ ስደግመው አለፈ» የሚባለው ነገር ደግሞ ያበሳጨኛል። የወደቀበት ምክንያት አለው። ሌሊት ብቻ የሚወድቅ አንድ ቴስት ነበረን። የሌሊት ፓኬጅ ጠብቀው የሚሠሩት ልጆች ናቸው የሚያዩት። ጠዋት ሲደግሙት ያልፋል፤ ሲአይ (ቴስቶቹን በራሱ የሚያስኬደው ሰርቨር) ላይም ሁሌ አረንጓዴ ነው። ቴስቱ የማሽኑን ቀን ከዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ቀን ጋር ያወዳድር ነበር። እኛ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ዩቲሲ ገና ትናንት ላይ ነው። ሲአዩ ራሱ በዩቲሲ ስለሚሄድ ባጉን መቼም አያየውም። ቀን የሚነካ ፓች ሲመጣ የሰዓት ቀጠናውን አንዴ ዩቲሲ፣ አንዴ አዲስ አበባ አድርጋችሁ አስኪዱ።

ጽሑፍ የሚነካ ከሆነ በፊደል ሞክሩት። «አበበ» 3 ፊደል ነው፤ ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ዩቲኤፍ 8 ግን 9 ባይት ይይዛል። ባይት ቆጥሮ ስም የሚቆርጥ ኮድ እዚህ ጋ ነው የሚጋለጠው።

ውጤቱን ስትጽፉ «ይሠራል» ብቻ አትበሉ። ሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ላይ ፓች የፈተነ ሰው «ቴስትድ ባይ» በሚል መስመር ስሙ ከኮሚቱ ጋር ይቀመጣል፤ ማንም ተመልሶ ሊያየው ይችላል። የትኛው ኮሚት ላይ እንደጫናችሁት፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ከነቨርዥኑ፣ ምን እንዳስኬዳችሁና ምን እንዳያችሁ ጻፉ። ያልሞከራችሁትንም ጨምሩ። «ዊንዶውስ ላይ አላየሁትም» ካላችሁ ሜንቴነሩ ዊንዶውስ ያለው ሰው ይፈልጋል።