የቪክቶሪያ በጀት ሲቀየር የድርጅትዎን ፔይሮል ታክስ እንዴት ያሰላሉ?

የአውስትራሊያዋ የቪክቶሪያ ግዛት መንግሥት በጀቱን አብዛኛውን ጊዜ በሜይ ወር ያቀርባል፤ ብዙዎቹ የታክስ ለውጦችም ጁላይ 1 ቀን ሥራ ላይ ይውላሉ። በሜልበርን ምግብ ቤት፣ የጽዳት ወይም የእንክብካቤ ድርጅት ያላችሁ ወገኖች ይህን ለውጥ በራሳችሁ ቁጥሮች ማስላት ይኖርባችኋል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ፔይሮል ታክስ በኢትዮጵያ ከሠራተኛው ደመወዝ ተቀንሶ ለገቢዎች ከሚገባው የሥራ ግብር ፈጽሞ የተለየ መሆኑ ነው። የሚጣለው ድርጅቱ በሚከፍለው ጠቅላላ ደመወዝ ላይ ነው፤ ከፋዩ ቀጣሪው ሲሆን፣ ከሠራተኛው ላይ አንድ ሳንቲም አይቀነስም። ሰብሳቢውም የፌዴራሉ የታክስ ቢሮ ሳይሆን የግዛቲቱ ስቴት ሬቨኑ ኦፊስ ነው።

ከታክሱ ነጻ የሆነው ዓመታዊ የደመወዝ ጣሪያ እስከ ጁን 2024 ድረስ 700,000 ዶላር ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ 900,000፣ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ 1 ሚሊዮን ዶላር ሆኗል። መደበኛው ምጣኔ 4.85 በመቶ ሲሆን፣ ከሜልበርን ውጭ ባሉ የክልል አካባቢዎች የሚሠሩ ቀጣሪዎች 1.2125 በመቶ ይከፍላሉ። ስሌቱ ላይ ግን ብዙዎች ሱፐርን፣ ማለትም ቀጣሪው ለሠራተኛው ጡረታ የሚከፍለውን መዋጮ፣ ይረሳሉ። ለምሳሌ 940,000 ዶላር ደመወዝ የሚከፍል ምግብ ቤት ከጣሪያው በታች ያለ ይመስላል፤ 12 በመቶው ሱፐር፣ ማለትም 112,800 ዶላር ሲጨመርበት ግን ድምሩ 1,052,800 ይደርሳል፤ ከጣሪያው በላይ በሆነው 52,800 ላይም 2,560 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይከፈላል። ቦነስና ኮሚሽንም እንዲሁ ይደመራሉ። በኮንትራት ለሚሠሩ ሰዎች የሚከፈለው ገንዘብም በሕጉ የተዘረዘሩት ነጻ የሚያደርጉ ሁኔታዎች ካልተሟሉ እንደ ደመወዝ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሠራተኛው የራሱ የንግድ ቁጥር ስላለው ብቻ ከስሌቱ ሊያወጡት አይገባም።

በእኔ እምነት የቤተሰብ ድርጅቶችን ከሁሉ በላይ ሊያሳስብ የሚገባው ድርጅቶችን በቡድን የሚያስረው ደንብ ነው። ባልና ሚስት አብረው የሁለት ኩባንያዎች ባለቤት ቢሆኑና እያንዳንዱ ኩባንያ ሱፐርን ጨምሮ 700,000 ዶላር ደመወዝ ቢከፍል፣ ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ታክስ የለባቸውም። ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች ከሁለቱም ከግማሽ በላይ ድርሻ ስላላቸው ኩባንያዎቹ በቡድን ይታያሉ፤ ነጻ የሚሆነውም አንድ ሚሊዮን ብቻ ነው። በመሆኑም በቀሪው 400,000 ላይ 19,400 ዶላር ይከፈላል። ባለቤቶቹ የተለያዩ ቢሆኑም እንኳ የአንዱ ድርጅት ሠራተኛ ለሌላው የሚሠራ ከሆነ ቡድን ሊመሠረት ይችላል። አንዱ አባል ካልከፈለ ዕዳው ከሌሎቹ ስለሚጠየቅ፣ ከዘመድ ጋር ሠራተኛ ከመጋራትዎ በፊት ይህን ያጢኑ። ድርጅቶቹ በእርግጥ ተለያይተው የሚሠሩ ከሆነ ከቡድኑ ለመውጣት ማመልከት ይቻላል፤ በሕግ እርስ በርስ ተዛማጅ የሆኑ ኩባንያዎች (ለምሳሌ አንዱ ሌላውን የሚቆጣጠር) ግን ይህ ዕድል የላቸውም።

የጣሪያው ማደግ የጠቀመው ትንንሾቹን ነው። የደመወዝ ድምራቸው ከ3 ሚሊዮን ዶላር ካለፈ በኋላ፣ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ዶላር ነጻው መጠን በ50 ሳንቲም እየቀነሰ በ5 ሚሊዮን ላይ ዜሮ ይሆናል። የ4 ሚሊዮን ደመወዝ ከፋይ ነጻ የሚሆንለት 500,000 ብቻ ስለሆነ 169,750 ዶላር ይከፍላል፤ በ3 ሚሊዮን ላይ የሚከፈለው ግን 97,000 ነው። ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ባለው መካከል ያለ ድርጅት አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥር ታክሱን 4.85 ሳይሆን ወደ 7.3 በመቶ ገደማ አድርጎ ማስላት አለበት። በመላ አውስትራሊያ ከ10 ሚሊዮን በላይ ደመወዝ የሚከፍሉት ደግሞ ለአእምሮ ጤና እና ለኮቪድ ዕዳ የተጣሉ ተጨማሪ ክፍያዎች አሉባቸው።

ከፔይሮል ታክስ ሌላ፣ የ2023ቱ በጀት የመሬት ታክስ የሚጀምርበትን ዋጋ ከ300,000 ወደ 50,000 ዶላር አውርዶታል። የምግብ ቤት ወይም የሱቅ ተከራይ ከሆኑ የኪራይ ውልዎን ይመልከቱ፤ በቪክቶሪያ የችርቻሮ ኪራይ ሕግ መሠረት አከራዩ ይህን ታክስ ወደ እርስዎ ማስተላለፍ አይችልም። የችርቻሮ ቦታ ያልሆነ መጋዘን የተከራዩ ግን ይህ ጥበቃ የላቸውም።

የፔይሮል ታክስ ወርሃዊ መግለጫ እስከ ቀጣዩ ወር 7ኛ ቀን፣ ዓመታዊው ደግሞ እስከ ጁላይ 21 ይቀርባል። ያለፉ ዓመታት ስሌት ላይ ጉድለት ካገኙ ምርመራ ከመጀመሩ በፊት ራስዎ ያሳውቁ፤ እንዲህ ሲሆን ቅጣቱ በ80 በመቶ ይቀንሳል።