የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ሠራተኞች በወይን እርሻ ማሰማራት፦ የኮኮ ፋርም አሠራር

በእርሻ ወይም በጠመቃ ሥራ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች መቅጠር የሚፈልግ ድርጅት፣ ከቅጥሩ በፊት ሥራውን ከተከላ እስከ ጠርሙስ ድረስ ዘርዝሮ ማየት ይኖርበታል፤ «ምን መሥራት ይችላሉ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ሥራው ተበትኖ ሲታይ ነውና። ለዚህ ከማውቃቸው ሁሉ የጠራ ምሳሌ የሚሆነው በጃፓን ቶቺጊ ግዛት፣ አሺካጋ ከተማ የሚገኘው ኮኮ ፋርም የተባለ የወይን እርሻና ጠመቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ካዋዳ ኖቦሩ የተባሉ መምህር ከልዩ ፍላጎት ክፍል ተማሪዎቻቸው ጋር ተራራ መንጥረው ወይን ተከሉ፤ በ1969 ደግሞ ውስንነቱ ያለባቸው ሰዎች እየኖሩ የሚሠሩበት ኮኮሮሚ ጋኩኤን የተባለ የበጎ አድራጎት ተቋም ተቋቋመ። «ኮኮሮሚ» ሙከራ ማለት ነው።

መሬት ሲመርጡ ብዙ የሰው እጅ የሚጠይቀውን አይናቁ። የአሺካጋው ማሳ በአማካይ 38 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ስለሆነ ትራክተር አይወጣውም፤ ይሁን እንጂ ውኃ አይቋጥርም፣ ፀሐይም በደንብ ያገኘዋል፣ ለወይን የሚስማማውም ይኸው ነው።

ቀጥሎ ሥራውን ይከፋፍሉ፤ ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው። በኮኮ ፋርም ከተከላው ጊዜ ጀምሮ ፀረ አረም መድኃኒት ተረጭቶ ስለማያውቅ ሣሩን የሚያጭዱት፣ ተባዩን የሚለቅሙት፣ ዝናብ እንዳይመታው በየዘለላው ላይ የወረቀት ቆብ የሚያደርጉት ሰዎች ናቸው። ፍሬው ሲበስል ቁራ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ ቁልቁለቱ ላይ ቆሞ ቆርቆሮ እየደበደበ የሚያባርር ሰው ያስፈልጋል፤ በእኛ አገር ማማ ላይ ሆኖ ማሽላ እንደሚጠብቀው ልጅ ማለት ነው። ማንበብና መቁጠር ያልሆነለት ሰው ይህን ሥራ ሳይሰለች ሊይዘው ይችላል፤ እሱ የቀረ ቀን ግን የዓመቱ ፍሬ ለወፍ ይሆናል። በጓዳውም እንዲሁ ነው፦ የአረፋማው ወይን ጠርሙስ አንገቱ ተዘቅዝቆ በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ ካልዞረ አተላው ወደ አፉ አይሰበሰብም፣ ይህም ጥድፊያ የማያውቅ እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድን ሰው በአንድ ቀን ፈትነው «አይችልም» ከማለት ይቆጠቡ፤ ከሥራ ወደ ሥራ እያዘዋወሩ ቢያንስ አንድ የመከር ወቅት ይታገሡት።

በጠመቃው ጥራት ላይ ግን ምንም ዓይነት ቸልታ አያሳዩ። ኮኮ ፋርም በ1989 ብሩስ ጋትላቭ የተባለውን ባለሙያ ከካሊፎርኒያ አስመጣ፤ አረፋማ ወይኑም በ2000 በኪዩሹና ኦኪናዋ የቡድን 8 ጉባኤ የእራት ግብዣ ላይ ቀረበ። ገዢ በርኅራኄ አንድ ጠርሙስ ይገዛ ይሆናል፤ ሁለተኛውን የሚገዛው ጣዕሙን ወዶ ነው።

የበጎ አድራጎት ተቋሙንና የንግድ ድርጅቱን በሕግ ይለዩ። በአሺካጋ የነዋሪዎቹ ወላጆች በ1980 ገንዘብ አዋጥተው ኩባንያ አቋቋሙ፣ የጠመቃ ፈቃዱ በ1984 ተገኘ፤ ኩባንያው የወይን ፍሬውን ከተቋሙ በገንዘብ ይገዛል። በመጨረሻም ሠራተኛው ሲያረጅ ተራራውን መውጣት እንደሚያቅተው አስቀድመው ያስቡ፤ ልብስ ማጠፍን፣ የተሰበሰበ ፍሬ መምረጥን የመሰለ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ከወዲሁ ያዘጋጁለት።