ሞተሪኖው ሳይሆን የማሳው ገመድ ነበር

አባቴ ትቶልኝ ያለፈው አሮጌ ትራክተር ቁልፉን ሳዞረው "ቀጭ" ብሎ ዝም ይላል። አንድ መካኒክ ሞተሪኖው፣ ማለትም ዋናውን ሞተር የሚያስነሳው ትንሹ ሞተር፣ ተቃጥሏል ቀይረው አለኝ፤ ዋጋውን ስሰማ ግን እስቲ መጀመሪያ ራሴ ልየው አልኩ። ባትሪው 12.6 ቮልት ነው፣ ምንም አይልም። ከዚያ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ ይዤ ልጄን "አስነሳ!" አልኩት። 3 ቮልት! ከግማሽ ቮልት ማለፍ አልነበረበትም፤ ኃይሉ በመንገድ እየጠፋ ነው ማለት ነው። ነጌቲቩን ነቅዬ የማሳውን ገመድ፣ ማለትም ከባትሪው ነጌቲቭ ወደ ትራክተሩ ብረት የሚሄደውን፣ ብሎን ስፈታው ከስሩ ዝገትና ቀለም ተጋግሯል፤ አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቀለም ሲቀባ ምንም ነገር አይፈታም ነበር። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ አጥብቄ አሰርኩት፣ ከላይ ግራሶ ቀባሁት። በአንዴ ተነሳ። ፈዞ የነበረው የፊት መብራትም አብሮ ደመቀ፤ እሱን ለብቻው ላሠራ ነበርኮ።