የቤት ፓርቲ ሽያጭ ገና በጅምሩ ሲቆም፦ ችግርና መፍትሄ

አዲስ ሻጭ ደውላ «ሞራሌ ወረደ፣ ልተወው ነው» ስትለኝ መጀመሪያ የምጠይቃት «የሚቀጥለው ፓርቲሽ መቼ ነው?» ብዬ ነው። ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ብልሽቱ እዚያ ጋ ነው። በዚህ ሥራ ሞራል የሚወርደው ካላንደሩ ባዶ ሲሆን ነው። ካላንደሩ ደግሞ የሚታወቅና የሚጠገን ምክንያት ኖሮት ነው ባዶ የሚሆነው። አስመዝጋቢሽ (ወደዚህ ሥራ ያስገባችሽ ሻጭ) በየሰኞው የምትልክልሽ የአነቃቂ ንግግር ቪዲዮ ምንም አይጠግንም፤ ለአንድ ቀን ያሞቅሻል፣ ማክሰኞ ያው ነው።

የምጽፈው እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ድስትና መጥበሻ፣ የምግብ መያዣ፣ ኮስሞቲክስ፣ ሻማ በሰው ቤት ፓርቲ ለሚሸጡ እህቶች ነው። ወንዶችም አላችሁ፤ እህቶች ስለሚበዙ ነው «አንቺ» እያልኩ የምቀጥለው። ካታሎጉን አንብበሻል፣ ዋጋውን በቃልሽ ታውቂያለሽ፣ ካርድ መቀበያሽ ይሠራል ብለን እንለፍ።

ምልክት፦ ሃያ ሰው ተጠርቶ አራት መጣ

ጥሪው ነው። ግሩፕ ላይ የተለጠፈ ፍላየር ጥሪ አይባልም፤ ሁሉም ልብ ይለጥፍበታል፣ ማንም አይመጣም። ጋባዧ (ፓርቲው ቤቷ የሚደረገው ሴት) ራሷ ትደውል። አንቺ አይደለሽም፣ እሷ። ሁለት ቀን ሲቀረው ደግማ ትደውል።

ቀኑንም ተመልከቺ። ቅዳሜ ከሰዓት ሰርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ተዝካር አለ። ግማሹ እንግዳ ሆስፒታልና ነርሲንግ ሆም የማታ ሺፍት ገቢ ነው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሰው በልቶ ካረፈ በኋላ፣ ከሁሉም ይሻላል። የወጥ ቤት ዕቃ የምትሸጪ ከሆነ ጾሙን እወቂ፦ በሁዳዴ 55 ቀናት ውስጥ አይብና ሥጋ እየጠበስሽ ብታሳዪ የሚቀምስልሽ የለም፤ ረቡዕና ዓርብም እንዲሁ ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም እንግዶች አንድ ላይ ባሉበት ቤት ደግሞ ሥጋ የሚባል ነገር አታምጪ። በሽንኩርትና በጎመን አሳዪ፣ ማንም አይቀየምም።

በረዶ ወረደ፣ መኪና ማቆሚያ ጠፋ፣ የጋባዧ ልጅ ታመመ፦ ያጋጥማል። በዚያው ስልክ ሌላ ቀን ያዢ።

ምልክት፦ ቤቱ ሞላ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ አልተሸጠም

ፓርቲው ተራ የቡና ጨዋታ ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው። ይህ አሸጣጥ ከመነሻው ለምን እንደተያዘ ብታውቂ ይጠቅምሻል። በ1940ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ተፐርዌር የሚባለው የፕላስቲክ ምግብ መያዣ ሱቅ ተደርድሮ አልሸጥ ብሎ ነበር፤ ሰው አየሩን አስወጥቶ ክዳኑን መግጠም አያውቅበትም። ብራውኒ ዋይዝ የምትባል፣ ቀድሞ የሌላ ኩባንያ የቤት ዕቃ በፓርቲ ስትሸጥ የኖረች ሴት ግን ፈሳሽ የሞላውን ሳህን ክዳኑን ገጥማ ሰው መሃል ትወረውረው ነበር። አይፈስም። በ1951 ኩባንያው ዕቃውን ከሱቅ አውጥቶ በፓርቲ ብቻ መሸጥ ጀመረ፤ ሥራውን እንድትመራም እሷን ሾመ። በ1958 ያው ኩባንያ አባረራት። ኩባንያ ዘመድሽ እንዳልሆነ በዚህ እወቂ።

ስለዚህ ዕቃው ካንቺ እጅ ወጥቶ እንግዳዋ እጅ ይግባ። ክዳኑን እሷ ትግጠመው፣ ሽንኩርቱን እሷ ትክተፈው። ክሬሙን አንድ እጇን ብቻ ቀቢያትና ከሌላው ጋር ታስተያየው። ቆመሽ የካታሎግ ገጽ የምታነቢ ከሆነ ግን እንግዳው ቤቱ ተቀምጦ ስልኩ ላይ ቢያየው ይሻለዋል።

ሰዓቱን በቡናው ለኪ። ቡናው እየተቆላ አሳይተሽ ጨርሺ። አቦል ሲቀዳ የትእዛዝ ወረቀቱ የያንዳንዱ እንግዳ ጉልበት ላይ ይሁን። ቶና ላይ ክፍያ ተቀበዪ። በረካን አትጠብቂ፤ በረካ ላይ ልጆች ማልቀስ ይጀምራሉ፣ «ነገ ሥራ አለብኝ» ይመጣል፣ አንዷ ስትነሳ ሁሉም ይነሳል።

ምልክት፦ ሁለት ሦስት ፓርቲ ጥሩ ሄደ፣ ከዚያ ቀጥ አለ

ስልኬን የሚያጨናንቀው ይህ ነውና ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

አጀማመሩ ሁልጊዜ አንድ ነው። የመጀመሪያው ፓርቲ እህቷ ቤት፣ ሁለተኛው የክርስትና እናቷ ቤት፣ ሦስተኛው የማኅበር ጓደኛዋ ቤት። ሁሉም ይገዛል። አስመዝጋቢዋ «አየሽ፣ ተሰጥኦ አለሽ!» ትላታለች። ከዚያ በኋላ ስትደውል አያነሱም፣ ቴክስት ስትልክ አይመልሱም። «ሰው ምቀኛ ነው» ብላ ትደውልልኛለች። ምቀኝነት አይደለም። በይሉኝታ የገዛ ሰው ያለበትን ከፍሏል፤ ስልክሽን ሲያይ ሁለተኛ ልታስከፍይው የመጣሽ ነው የሚመስለው።

አንዲት ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ ለማኅበር እህቶቿ በሙሉ አንድ ዓይነት መጥበሻ ሸጠች። ከወራት በኋላ አንደኛዋ ወልዳ ልንጠይቃት አብረን ሄድን። መጥበሻው ካርቶኑ ሳይከፈት ፍሪጁ አናት ላይ ተቀምጧል፣ ከላዩ የዳይፐር ጥቅል ተደርቦበታል። ልጅቷ አየችው። አራሷም ማየቷን አየች። ሁለቱም ስለ ሕፃኑ ማውራት ቀጠሉ። ያ መጥበሻ ሪፖርቱ ላይ እንደ ሽያጭ ተመዝግቦ፣ ከኩባንያው ማዕረግ አሰጥቶ፣ ጭብጨባም አስገኝቶ ነበር። ግን ለጎረቤት «ይህን ከየት አመጣሽው?» አላስባለም፣ ሌላ ፓርቲም አልወለደም። የዚህ ሥራ ሞተር ደግሞ ያ ብቻ ነው፦ ከአንዱ ፓርቲ ሌላው መወለዱ።

በይሉኝታ የተገዛውን መለየት ከባድ አይደለም። በካታሎጉ ርካሹን ዕቃ መርጣ፣ አንድ ጥያቄ ሳትጠይቅ፣ መቼ እንደሚደርስ እንኳ ሳትል ከፍላ የሄደችው በይሉኝታ ነው የገዛችው። «ውድ ነው» ብላ የተከራከረችሽ፣ «ሽሮ ያስይዛል ወይ? የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይስ?» ብላ ያደረቀችሽ ግን ደንበኛሽ ናት። አዲስ ሻጮች የመጀመሪያዋን ያመሰግናሉ፣ ሁለተኛዋን ይሸሻሉ። ገልብጪው።

ጥገናው። አንደኛ፣ ቀጣዩ ፓርቲ የሚያዘው እዚያው ፓርቲ ላይ ነው፣ በማግስቱ በስልክ አይደለም። ሁለት ቀን ሳታስይዢ ጫማሽን አታድርጊ። ሁለት ያልኩት አንዱ ስለሚሰረዝ ነው። «ፓርቲ ማዘጋጀት የሚፈልግ አለ?» ብለሽ ለቤቱ ሁሉ ከጠየቅሽ ሁሉም ምንጣፉን ያያል። አንዷን ለብቻዋ፣ ክፍያ ስትቀበዪ በያት፦ «ይህን ትልቁን ድስት ደጋግመሽ አነሳሽው። አንቺ ቤት ብናደርገው የጋባዥ ቅናሽ ታገኚበታለሽ። የሚመጣው ወር መጀመሪያ እሁድ ይመችሻል?» ስልኳን አውጥታ ቀኑን እንድትጽፍ ጠብቂ። ቀኑ ከሦስት ሳምንት አይራቅ፤ «ከፋሲካ በኋላ» የተባለ ፓርቲ ሲደረግ አላየሁም። «እናያለን» እና «እግዜር ካለ» ቀጠሮ አይደሉም፤ አንድ ጊዜ ደውዪ፣ ከዚያ ተያት።

ሁለተኛ፣ ከዘመድ ውጪ። ጋባዧ የሥራ ባልደረቦቿንና ጎረቤቶቿን እንድትጠራ ንገሪያት። ፊሊፒናዊቷ ነርስና ሳልቫዶራዊቷ ጎረቤት አንቺን አያውቁሽም። ካልፈለጉ አይገዙም፣ ከገዙ ግን ይጠቀሙበታል። «እንግሊዝኛዬ አያስኬደኝም» የምትሉኝ አላችሁ። እንግሊዝኛዋ እየተሰባበረ በሆስፒታል የጽዳት ክፍል ባልደረቦቿ ብቻ ዓመት ሙሉ የሠራች ሴት አውቃለሁ። ጎመን ከትፋ፣ ክዳን ገጥማ፣ ገልብጣ ታሳያለች፤ ዋጋውን ካታሎጉ ላይ በጣቷ ታሳያለች። ተሰጥኦ አላት ያላት ሰው አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ዕቃው ከደረሰ ከሳምንት በኋላ «ተጠቀምሽበት?» ብለሽ ደውዪ። በዚያ ስልክ ምንም አትሽጪ። ካልተጠቀመችበት ሄደሽ አብራችሁ ሽሮ ሥሩበት። አንድ ከሰዓት ይወስድብሻል፣ ግን ካርቶኑ ይከፈታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ለቅሶ ቤት ካታሎግ ይዘሽ አትግቢ። ተደርጓል፣ አይቻለሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዕቁብ የደረሳትን ሴት በዚያው ማታ አትደውዪላት። ለምን እንደደወልሽ ታውቃለች፣ ለዕቁቡ ሰውም ሁሉ ትነግራለች።

ማስጠንቀቂያ፦ «እህት አይደለሽም ወይ?» ብለሽ አትሽጪ። አንድ ጊዜ ይሠራል።

ማስጠንቀቂያ፦ የቤተ ክርስቲያኑን የስልክ ዝርዝር ለሽያጭ አትጠቀሚበት።

ምልክት፦ እየሸጥኩ ነው፣ ኪሴ ግን ባዶ ነው

በወረቀት አስዪው። ፓርቲው 400 ዶላር ሸጠ፣ ኮሚሽንሽ 25 በመቶ ነው እንበል፦ 100 ዶላር። ለአሥራ አምስት ሰው ዶሮ ወጥ ሠርተሽ ከሄድሽ 100 ዶላሩ ገና ሳይሸጥ ተበልቷል። ሻጭ ሆነሽ ሳለ ደጋሽ አትሁኚ፤ ፈንዲሻና ቆሎ ይበቃል፣ ምግብ ካማራት ጋባዧ ትሥራ። የነዳጁንና የናሙናውን ደረሰኝ ያዢ። የግብር መሥሪያ ቤቱ አይ አር ኤስ በ2025 ለሥራ የተነዳን ማይል በ70 ሳንቲም ተቀናሽ አድርጎ ያስብ ነበር፤ ማይሉን በየቀኑ ካልጻፍሽው ግን የለም። የተጣራ ትርፍሽ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ የግል ሥራ ታክስ አለብሽ፣ መጣኔውም 15.3 በመቶ ነው። ሚያዝያ ላይ የምታለቅሱት ይህን ሳታነቡ ስለምትቀሩ ነው።

ምልክት፦ ቁም ሣጥኑ በካርቶን ተሞላ

የወሩ መጨረሻ ላይ «ለማዕረጉ 200 ዶላር ብቻ ጎደለሽ» ተብለሽ በራስሽ ካርድ ገዝተሻል። ያንን ወር ሽያጭ አትበዪው፤ አንቺ ነሽ የተሸጠልሽ። በትእዛዝ ብቻ ሥሪ፤ ለማሳያ አንድ አንድ ይበቃል። የቀረውን ካርቶን አትክፈቺ። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

ምልክት፦ በማግስቱ ኦርደር ሰረዘች

መብቷ ነው፣ አትጨቃጨቂ። በፌዴራሉ ሕግ በገዢዋ በራሷ ቤት የተሸጠ 25 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም እንደ ጋባዧ ቤት በሌላ ቦታ የተሸጠ 130 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ዕቃ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ሊሰረዝ ይችላል። ቅዳሜ እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል፣ እሁድ አይቆጠርም። ይህን መብቷን መንገርና የመሰረዣውን ቅጽ ሁለት ኮፒ መስጠት ያንቺ ግዴታ ነው። ቅጹ ሲሰጣት «አታምነኝም እንዴ» የሚል ፊት የምታሳዩ ሻጮች፣ እባካችሁ። ስትሰርዝ በቀና ፊት የተመለሰላት ሴት በኋላ ፓርቲ አዘጋጅታልኝ ታውቃለች።

ተሰብሮ የመጣ ዕቃ፦ ከካርቶኑ ጋር ፎቶ አንሺ፣ በዚያው ቀን ላኪ።

ምልክት፦ ስለ ዕቃው ማንም አያወራም፣ ወሬው ሁሉ ሰው ስለ ማስመዝገብ ነው

ይህን መጠገን አይቻልም። ገንዘቡ ለእንግዳ ከሚሸጥ ዕቃ ሳይሆን ከአዲስ ተመዝጋቢ የሚመጣ ከሆነ ፒራሚድ ነው። አሜሪካ ሕገ ወጥ ነው፤ አገር ቤትም በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ከልክሎታል። ሞራልሽ መውረዱ እዚህ ላይ ጤንነት ነው። ውጪ፣ ሌላ ሰው ሳታስገቢ ውጪ።

ሁሉንም አስተካክዬ ካላንደሩ አሁንም ባዶ ነው ለምትይ

ዕቃውን ተመልከቺው። ኮስትኮ ሂጂና ተመሳሳዩን ድስት አንሺ፣ ዋጋውን አስተያዪ። ያንቺ ምርት በሁለት እጥፍ ከተወደደና በእጅ ሲታይ የሚለየው ነገር ከሌለ፣ ብራውኒ ዋይዝ ራሷ ብትመጣ አትሸጠውም። ክዳኑ በወሩ የሚላላ፣ ሽፋኑ ሦስተኛው ጥብስ ላይ የሚላጥ መጥበሻ በ«ፕሪሚየም» ስም የሚያሽጡ ኩባንያዎች አሉ፤ የደንበኛሽን ስድብ የምትሰሚው አንቺ ነሽ፣ እነሱ አይደሉም።

እንዲህ ከሆነ ለማቆም አትፈሪ፣ ግን በሥርዓት አቁሚ። ኩባንያሽ የአሜሪካ የቀጥታ ሽያጭ ማኅበር አባል መሆኑን አረጋግጪ። አባል ከሆነ በማኅበሩ የሥነ ምግባር ደንብ መሠረት፣ ስታቆሚ በ12 ወር ውስጥ የገዛሽውንና መልሶ ሊሸጥ የሚችለውን ዕቃ ከከፈልሽው ዋጋ ቢያንስ 90 በመቶውን ሰጥቶ መረከብ አለበት። ካርቶኑን አትክፈቺ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ጥያቄውን በጽሑፍ ላኪ፤ አስመዝጋቢሽ በስልክ «ትንሽ ታገሺ፣ የሚመጣው ወር ያንቺ ነው» እያለች 12 ወሩን ታሳልፍብሻለች።